ስለ ነፍስና ስለ አእምሮ ሕመም ለጠየቃችሁኝ

ጥያቄ፦ «ድብርት ኢማኑ (እምነቱ) የደከመ ሰው በሽታ ነው» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። ነቢዩ ያዕቁብ በልጃቸው በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ ድረስ ተጎድተዋል፣ ይህንን የሚነግረን ራሱ ቁርኣን ነው። የእሳቸውን ኢማን ማን ይለካዋል? በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተወለዱት ሙስሊም ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺም ሐዘንን ለሁለት ከፍለውታል፦ ምክንያቱ የሚታወቅ፣ ወዳጅ እንደሞተበት ሰው፤ ሌላው ደግሞ ሰውዬው ለምን እንደከፋው ራሱም የማያውቀው። ሁለተኛውን ከደም ጋር አያይዘው በመድኃኒት ይታከም ብለዋል። የደሙን ነገር ዛሬ ማንም አይቀበለውም፣ ግን «ኢማንህን አጠንክር» ብለው አልሸኙትም።

ጥያቄ፦ ውዱእ (የሶላት ትጥበት) አድርጌ ስጨርስ «አልሞላም» ይለኛል። ደጋግሜ እጄ ቆሰለ። ሶላትም እንደዛው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄ ወስዋስ (አልለቅ የሚል ጥርጣሬ) ነው፣ ሐኪሞችም ያውቁታል። በፊቅህ (በእስልምና ሕግ ትምህርት) «እርግጠኛ ነገር በጥርጣሬ አይወገድም» የሚል መርህ አለ። ውዱእ ማድረግሽን ካወቅሽ፣ ጥርጣሬው አያፈርሰውም፣ አለቀ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የፊቅህ ሊቁ ኢብን ሐጀር አል-ሀይተሚ ለወስዋስ መድኃኒቱ ምንድን ነው ተብለው ሲጠየቁ፣ ጨርሶ ፊት መንሳት ነው ብለዋል፣ ጥርጣሬው ቢወተውትም። የዛሬው ሕክምናም የሚያሠራሽ ይህንኑ ነው፦ ጭንቀቱ ይምጣ፣ አንቺ ግን አትድገሚ። መጀመሪያ ላይ በጣም ይከብዳል፣ አልዋሽሽም፤ በደገምሽ ቁጥር ግን ጥርጣሬውን እየቀለብሽው ነው። እጅ እስኪቆስል ከደረሰ ብቻሽን አትታገዪ፣ ባለሙያ ጋ ሂጂ።

ጥያቄ፦ የሥነ ልቦና ሊቁ ፍሮይድ ሃይማኖትን ከንቱ ተስፋ ነው ያለ ሰው ነው። ሙስሊም የሱን ትምህርት ምን ያደርግለታል?

መልስ፦ ሥነ ልቦና ፍሮይድ ብቻ አይደለማ! ሱዳናዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ማሊክ በድሪ እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጡት መጽሐፍ ሙስሊም ባለሙያዎች የምዕራቡን ሁሉ ሳያላምጡ እንዳይውጡ ወቅሰዋል። ግን እኚሁ ሰው የባህሪ ሕክምናን ይሠሩበት ነበር፣ በኋላም የበልኺን ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ መልሰዋል። እኔም ከሳቸው ጋር ነኝ።

ጥያቄ፦ ነፍሰል አማራ (ወደ ክፉ የምታዝ ነፍስ) እና የፍሮይድ «ኢድ» (የደመ ነፍስ ፍላጎት ያለበት የአእምሮ ክፍል) አንድ ናቸው?

መልስ፦ ይመሳሰላሉ፣ አንድ ግን አይደሉም። ነፍስ ታድጋለች፤ ወደ ክፉ ከምታዘው (ነፍሰል አማራ) ራሷን ወደምትወቅሰው (ለዋማ)፣ ከዚያም ወደ ረጋችው (ሙጥመኢና)። ኢድ ባለበት ነው የሚቀረው።

ጥያቄ፦ ሩቅያ (ለፈውስ ቁርኣን መቅራት) ወይስ ኪኒን?

መልስ፦ ማን አጣላቸው? ሩቅያህን አድርግ፣ ኪኒንህን ሐኪሙ ሳያውቅ አታቋርጥ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «ታከሙ» ብለዋል፣ አላህ መድኃኒት ያላበጀለት በሽታ የለም ብለው። ያስቀሩት እርጅናን ብቻ ነው።