ስም የሌለው የባሕር ኃይል ማኅተም

ጥያቄ፦ አያቴ በአሰብ መስመር ሹፌር ነበሩ። ከሣጥናቸው ውስጥ አንድ የቆየ ፖስታ አገኘሁ። ግራ ጥጉ ላይ «ዩ.ኤስ.ኤስ. መርፊ» የሚል የላኪ አድራሻ አለው፤ ማኅተሙ ግን «ዩ.ኤስ. ኔቪ» (የአሜሪካ ባሕር ኃይል) ብቻ ይላል፣ ወሩ ፌብሩዋሪ 1945 ነው። ቴምብርም የለውም። አንድ ጎረቤቴ «ጃንሆይን ወደ ሩዝቬልት የወሰደች መርከብ ናት፣ ፖስታው ግን የውሸት ነው» ይሉኛል። ምን ትላላችሁ? (ከደሴ፣ ሆጤ)

መልስ፦ ጎረቤትዎ መርከቧን ከሌላ ጋር አምታተዋታል። ጃንሆይ የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ያገኙት የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. (ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1945) በግብፅ ታላቁ መራራ ሐይቅ፣ ክዊንሲ በተባለች ክሩዘር (ትልቅ የጦር መርከብ) ላይ ነው። መርፊ ዲስትሮየር (ከክሩዘር የምታንስ ፈጣን የጦር መርከብ) ናት፤ የሳዑዲውን ንጉሥ ኢብን ሳዑድን ከጅዳ ጭና ከጃንሆይ ስብሰባ በማግስቱ እዚያው ያደረሰች። ንጉሡ በካቢን ፈንታ መርከቧ ወለል ላይ በተተከለ ድንኳን ነው ያደሩት፣ የሚታረዱ በጎችም አብረው ተሳፍረው ነበር። በማኅተምዎ ላይ ያለው ቀን ፌብሩዋሪ ከ12 እስከ 14 ከሆነ ንጉሡ ወደ ክዊንሲ ሲጓዙ የተመታ ነውና ሰብሳቢዎች ይፈልጉታል።

የመርከቧ ስም ከማኅተሙ መጥፋቱ ለእርስዎ የሚያደላ ምልክት ነው። አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ ስሞች ከማኅተም እንዲወጡ ተደረገ፤ ፖስታው ጠላት እጅ ቢገባ መርከቧ መቼ የት እንደነበረች እንዳይታወቅ ነው። መርፊ ሥራ የጀመረችው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 27 ቀን 1942፣ ክልከላው ከመጣ በኋላ ነው፤ የተሰናበተችውም መጋቢት 9 ቀን 1946። ስለዚህ ማኅተሙ ውስጥ «መርፊ» ተብሎ በ1943 ወይም በ1944 የተመታ ነገር ቢያቀርቡልዎ አይግዙ።

ቴምብር አለመኖሩም አያስጨንቅም። ከ1942 ጀምሮ ወታደር ተራ ደብዳቤ በነፃ ይልክ ስለነበር በቴምብሩ ቦታ «ፍሪ» የሚል የእጅ ጽሑፍ ይፈልጉ። በአየር ለሚሄደው 6 ሴንት ይከፈል ነበር። ከአድራሻው ሥር «ፍሊት ፖስት ኦፊስ፣ ኒው ዮርክ» (የባሕር ኃይሉ ፖስታ ቤት) መኖር አለበት፤ በዚያ ወር ሳንፍራንሲስኮ የሚል ካለ ያጠራጥራል፣ እሱ የፓሲፊክ ውቅያኖስ መርከቦች ነው። የሳንሱር ማኅተምና የመኮንን ፊርማም ይጠበቃል።

አስቸጋሪው ነገር ፖስታው እውነተኛ ሆኖ የመርከቧ ስም በኋላ የተጨመረ ከሆነ ነው። የጥጉን ቀለምና እጅ ጽሑፍ ከተቀባዩ አድራሻ ጋር በአጉሊ መነጽር ያስተያዩ። የላኪውን ስም ደግሞ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ባለው የመርከበኞች ስም ዝርዝር (ከ1939 እስከ 1949) ያመሳክሩ። የመርከቧን ታሪክም አይዝለሉ፦ ጥቅምት 21 ቀን 1943 ሌሊት ኒው ዮርክ አቅራቢያ ቡልኮይል የተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ መርፊን ገጭታት የመርፊ የፊት ግማሽ ሰጥሟል። ቀሪው ተጎትቶ አዲስ ፊት ተሠርቶለት ለሰኔ 1944ቱ የኖርማንዲ ዘመቻ ነው የደረሰችው። መርከቧ ጥገና ላይ በነበረችበት ጊዜ «ከሜዲትራኒያን የተላከ» የሚሉ ሻጮች ይህን አያውቁም።

የደበዘዘውን ማኅተም ከጎን መብራት ይዘው በስልክ ያንሡና ወደ ጥቁርና ነጭ ይቀይሩት። በውኃ አይንከሩት፣ ፕላስተር አይለጥፉበት። ፎቶ ኮፒ ቤት ላሚኔት ላድርግልዎ ቢሉም እምቢ ይበሉ፤ ሙቀቱ ቀለሙን ያበላሻል፣ መልሶ ማውጣትም አይቻልም። የደሴ ክረምት ጭጋግና እርጥበት ስለሆነ በንጹሕ ነጭ ወረቀት ጠቅልለው ከግድግዳና ከመሬት ራቅ አድርገው ያስቀምጡት። ጋዜጣ አይሆንም፣ ወደ ቢጫ ይለውጠዋል።

ጥያቄ፦ የባሕር ኃይላችን «ኢትዮጵያ» መርከብ ዲስትሮየር ነበረች? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አልነበረችም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የባሕር አውሮፕላኖች አገልጋይ መርከብ «ኦርካ» ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1944 ሥራ ጀምራ በ1962 ወደ እኛ መጣች፣ ዋና መርከብና ማሠልጠኛም ሆነች። በ1991 ወደ የመን ሸሸች፤ በ1993 ለብረት ተሸጠች። «ኦርካ» የሚል ማኅተም ያለው ፖስታ ካገኙ የኢትዮጵያ ከመሆኗ በፊት የተመታ ነው።