ከሆቴሉ በፊት ስለ ጉድጓዱ ጠይቁ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ያየሁት ትናንት ማታ ነበር፤ በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልሆነ ዛሬ እሑድ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ አቆየሁት። ላላነበባችሁት በአጭሩ፦ እህታችን የዛንዚባር ሰው አግብታ ዳሬሰላም ነው የምትኖረው። የባለቤቷ ቤተሰቦች ያሉት በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከጃምቢያኒ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። አሁን አንድ ኩባንያ ከመንደራቸው ፊት ለፊት 180 ክፍል ያለው ሆቴል ሊሠራ ነው ተብሎ ስብሰባ ተጠርቷል። ቤተሰቡ ለሁለት ተከፍሏል። ወጣቶቹ ሥራ መጣልን ብለው ፈንድቀዋል፣ አማቷ ደግሞ እንቅልፍ አጥተዋል። «እንዲደግፉ ልምከራቸው ወይስ እንዲቃወሙ? እዚያ የሠራ ካለ ይንገረኝ» ነው ያልሽው።

እኔ ሠርቻለሁ። በዚያው ምሥራቅ ዳርቻ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ሆቴል ውስጥ ስድስት ዓመት የጥገና ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ፓምፑ፣ ጄኔሬተሩ፣ የመዋኛ ገንዳው፣ የፍሳሽ ጉድጓዱ ሁሉ በእጄ ነው ያለፈው። ስለዚህ የምነግርሽ እንግዳው ተጋድሞ የሚያየውን ሳይሆን ከሮቶው ሥር ሆኖ የሚታየውን ነው።

ሳልሸፋፍን ልናገር፤ አማትሽ የሚፈሩት ነገር እውነት ነው። ወጣቶቹ የሚሉትም ውሸት አይደለም። ግን «እንደግፍ ወይስ እንቃወም» የሚለው ክርክር ጊዜ ይበላል እንጂ ብዙም አይፈይድም፤ ምክንያቱም መሬቱ የመንደሩ አይደለም። ከ1964ቱ አብዮት ወዲህ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የዛንዚባር መሬት የመንግሥት ነው። ለኛ አገር ሰው ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ባለሀብቱ በሊዝ ይወስዳል። መንደሩ በእጁ ያለው ጉልበት ሌላ ነው፦ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱ ሳይጸድቅ ጥያቄ መጠየቅና መልሱን በወረቀት መቀበል። ከጸደቀ በኋላማ ድስት ጥዶ ማልቀስ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ውሃ ነው። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እሱ ነው ብል ደስ ይለኛል።

ያ ዳርቻ ከላይ አሸዋ፣ ከሥር የኮራል ድንጋይ ነው። ድንጋዩ እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ ስለሆነ ዝናቡ ሰተት ብሎ ይገባል። ገብቶ ግን ከሥር የሚያገኘው የባሕር ውሃ ነው። ጣፋጩ ውሃ ቀለል ስለሚል ወጥ ላይ እንዳለ ዘይት ከጨዋማው በላይ ይንሳፈፋል። መንደሩ ለዘመናት የኖረው ይህችን ስስ ንጣፍ በባልዲ እየቀዳ ነው። ባልዲ አይጎዳትም። ፓምፕ ግን ቀንና ሌሊት ሲስባት ከሥር ያለው ጨው ሽቅብ ይመጣል፤ አንዴ ከመጣ ደግሞ በአንድ ክረምት ዝናብ ተመልሶ አይወርድም።

እኔ ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። በሦስተኛው ዓመቴ፣ የካቲት አካባቢ ነው፤ እዚያ ሙቀቱ የሚበረታበት፣ ሆቴሉ ጢም ያለበት፣ ትልቁ ዝናብ ገና ያልመጣበት ወር ነው። አንድ እንግዳ ሳሙናው አረፋ አልወጣ አለኝ ብሎ አስጠራኝ። ቀመስኩት፤ ቀምሶ መትፋት የሚያስፈልገው ዓይነት ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ዘበኛው አንዲት እናት በር ላይ ይፈልጉሃል አለኝ። ከአጥሩ ጀርባ ካሉት ቤቶች የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ በላስቲክ ኩባያ ውሃ ይዘዋል። አልተቆጡም፣ አልጮኹም። «ኦንጃ» አሉኝ፤ ቅመስ ማለታቸው ነው። ቀመስኩ። የእኛው ጨው ነው። እሳቸው ግን እሱን ነበር ሻይ የሚያፈሉበት።

ወደ ማናጀሩ ሄጄ፣ ፓምፓችን የጎረቤቶቻችንን ጉድጓድ እያበላሸ ነው፣ ቢያንስ የሣሩን ውሃ እናቁም አልኩት። የመለሰልኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም፦ «ድሮም ጨው ነበር። ማን ለክቶ ያውቃል?» መልስ አልነበረኝም፤ በእውነትም የለካ ሰው አልነበረም። ለእንግዶቹ ከከተማ በኩል በቦቴ ውሃ ማስመጣት ጀመርን። ሣሩ ግን በጉድጓዱ ውሃ መጠጣቱን ቀጠለ፣ ማታ ማታ ፓምፑን የማበራውም እኔው ነበርኩ። ጥሩ ሰው መስዬ እንዳልታይሽ ነው የምነግርሽ።

ቁጥር የሚወድ ሰው ስብሰባው ላይ ካለ ይሄን ስጪው። ቱሪዝም ኮንሰርን የሚባል የእንግሊዝ ድርጅት በ2012 ባወጣው ጥናት የዛንዚባር የባሕር ዳር መንደሮች የሆኑትን ኑንግዊን፣ ኪዌንግዋንና ጃምቢያኒን ተመልክቶ ነበር። የመንደሩ ሰው በነፍስ ወከፍ በቀን ወደ 93 ሊትር ሲጠቀም፣ በትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አንድ ክፍል 686 ሊትር፣ በባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ደግሞ አንድ ክፍል 3,195 ሊትር ይፈጅ ነበር። የእናንተው ሆቴል ባለ አምስት ኮከብ ከሆነና 180ው ክፍል ከሞላ አባዢው፦ በቀን 575,000 ሊትር። ከ6,000 ሰው በላይ የሚኖርበት ውሃ ማለት ነው። ያው ጥናት ሆቴሎች የውሃ መስመራቸው እንዳይቆረጥ ዘበኛ እስከ መቅጠር መድረሳቸውንም ጽፏል። ቧንቧን በዘበኛ የሚያስጠብቅ ጉርብትና ምን እንደሚመስል አስቢው።

ስለዚህ የኩባንያው ሰው «ውሃ አናስቸግርም» ሲል እሺ ብላችሁ አትለፉት። ከየት ነው? ከመንግሥት መስመር ከሆነ ያው በፈረቃ የሚመጣችዋን ነው የሚካፈላችሁ። ከጉድጓድ ከሆነ ስንት ሜትር ይቆፈራል፣ በቀን ስንት ይሳባል፣ ቆጣሪውን ማን ያነባል? የባሕር ውሃ አጣርተን ነው ካሉ እሱ ይሻላል፤ ግን ተጣርቶ የሚቀረው ድርብ ጨው የት ነው የሚደፋው? ማሽኑ ደግሞ መብራት አጥብቆ ይፈልጋል። የደሴቲቱ መብራት ከዋናው ምድር በባሕር ሥር በተዘረጋ ገመድ ነው የሚመጣው። በ2009 መጨረሻ ተቋርጦ ሦስት ወር ያህል ደሴቲቱ በጨለማ ቆይታለች። እንዲህ ያለ ነገር ቢደገም ሆቴሉ ፊቱን ወደ ጉድጓዱ ያዞራል ወይስ አያዞርም? ይሄ በወረቀት ይግባ።

ፍሳሹንም እንዲሁ። በዚያ ድንጋይ ላይ ዝም ብሎ ጉድጓድ ቆፍሮ ሴፕቲክ ታንክ ነው ማለት ለጎረቤት ጉድጓድ ማካፈል ነው። ማጣሪያ ያለው ይሁን፤ ነጥብ።

አሁን ወደ ባሕሩ። በዚያ ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለቴ እንደሚሸሽ ታውቂያለሽ፤ አንዳንዴ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል አሸዋውን ገልጦ ይሄዳል። ቱሪስቱ «ባሕሩ የት ሄደ?» ብሎ ያማርራል። ለሴቶቹ ግን የሥራ ሰዓታቸው ያኔ ነው። ምዋኒ የሚሉትን የባሕር ሣር በችካልና በገመድ የሚያለሙት በዚያ ገላጣ ላይ ነው። እርሻው የተጀመረው በ1989 ነው፣ አብዛኞቹ አራሾች ሴቶች ናቸው፣ ብዙዎቹም ከባላቸው ኪስ ውጪ የመጀመሪያውን ገንዘብ የያዙት በዚሁ ነው። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ ባሕሩ እየሞቀ ምርቱም እየታመመ ነው። ቢሆንም የራሳቸው ነው። አማትሽ ምናልባት ስለ ሆቴሉ ሲያስቡ የሚታያቸው ግንቡ ሳይሆን ወደ ገመዶቻቸው የሚወስደው መንገድ ይሆናል። ጠይቂያቸው እስኪ።

የእኛ ሆቴል ሲሠራ በሁለት አጥር መካከል ለመንደሩ መተላለፊያ ተትቶ ነበር። ሰው ወደ ታንኳው፣ ሴቶች ወደ ምዋኒያቸው ይሄዱበት ነበር። በሁለተኛው ዓመት «ለእንግዶች ደኅንነት» ተብሎ በር ተገጠመ። በአራተኛው ዓመት በሩ ከመሸ በኋላ ይቆለፍ ጀመር። ባሕሩ ደግሞ የሆቴል ሰዓት አያውቅም፤ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ የሚሸሽበት ጊዜ አለ። ማንም መንገዱን ዘጋሁ አላለም፤ ቁልፉ ብቻ ጠፋ። ስለዚህ «መተላለፊያ ይኖራል» የሚለው አይበቃም። ስፋቱ፣ በር እንደማይገጠምበት፣ ካርታው ላይ የት እንዳለ ይጻፍ።

ስለ ካሳ ብዙ አልልም፤ አንድ ነገር ብቻ። እዚያ መሬቱ የመንግሥት ቢሆንም የኮኮናት ዛፉ የባለቤቱ ነው፣ ተቆጥሮ ይከፈላል። ካሳ ከመምጣቱ በፊት ዛፎቹን ራሳችሁ ቁጠሩ፣ ፎቶ አንሱ፣ ሼሃው ፊት አስመዝግቡ። ሼሃው በኛ ቋንቋ የቀበሌ ሊቀመንበር በሉት፤ የሚሾመው ግን ከላይ ነው፣ መንደሩ አይመርጠውም። ይህን በክፋት አላነሳሁም፤ የሱ ፊርማ የሕዝቡ ፊርማ ተደርጎ እንዳይወሰድ ነው። የስብሰባው ቃለ ጉባኤ በስዋሂሊ ይነበብና ሴቶቹም ይፈርሙበት።

ሥራውን በተመለከተ ለወጣቶቹ እውነቱን ንገሪያቸው። ሥራ ይመጣል። ግንባታው ላይ ብዙ ይቀጠራል፣ ሆቴሉ ሲከፈት አትክልተኛ፣ ዘበኛ፣ ክፍል አጽጂ ከመንደሩ ይወሰዳል። ኃላፊነቱ ላይ ግን የዋናው ምድር ሰው፣ ኬንያዊ፣ ፈረንጅ፣ ከዚያ ደግሞ እኔ ነበርን። አዎ፣ ከአዲስ አበባ ሄጄ የመንደሩ ልጅ ሊይዘው ይችል የነበረውን ቦታ ይዤ ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ ከመንደሩ የክፍል ኃላፊ ሲሆን ያየሁት አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም ፓምፕ ቤት አብሮኝ ሲያድር የተማረ። ሆቴል ተሠርቶ እስኪያልቅ ዓመትም ሁለት ዓመትም ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የመንደሩን ልጆች ኩባንያው ከፍሎ ሙያ እንዲያስተምር ጠይቁ፤ ስንት እንደሆኑና በየትኛው ሙያ እንደሆነ ተጽፎ። «ቅድሚያ ለአካባቢው ተወላጅ» የምትባለዋን ዓረፍተ ነገር ግን አትቀበሏት፤ እሷን እኛም አገር ሰምተናታል።

ከናንተ በፊት የታገሉ እንዳሉም ይወቁ። በ1990ዎቹ መገባደጃ የኑንግዊን ልሳነ ምድር ከአሥር በሚበልጡ ሆቴሎች፣ በጎልፍ ሜዳና በራሱ አውሮፕላን ማረፊያ ሊሞላ የተነሳ የቢሊዮን ዶላር ዕቅድ ነበር። በአካባቢው ብዙ ሺህ ሰው ይኖር ነበር። ጫጫታ ተነሳ፣ ዕቅዱም ወረቀት ላይ ቀረ። እኔ ግን ኑንግዊን ሳየው፣ ያንን አንድ ትልቅ ዕቅድ ያስቀሩት ሰዎች ሃምሳ ትንንሾቹ አንድ በአንድ ሲገቡ ማንም ስብሰባ አልጠራቸውም እላለሁ። ስቶን ታውን በሚባለው የዛንዚባር አሮጌ ከተማ ውስጥ ደግሞ ማምቦ ምሲጌ የሚባለው ጥንታዊ ሕንፃ ሆቴል ሲሆን፣ በ2000 ከተማውን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ዩኔስኮ ራሱ ስለ አዲሱ ሕንፃ ከፍታና ወደ ባሕሩ ስለመግፋቱ ደጋግሞ ቅሬታ አሰምቷል። ሆቴሉ በ2015 ተከፈተ። ዩኔስኮ ያላስቆመውን መንደር ያስቆማል ብለሽ ተስፋ አትስጪያቸው። በ2024 ወደ ዛንዚባር የመጣው ጎብኚ ከ700,000 በላይ ነው፤ የደሴቶቹ ሕዝብ ራሱ በ2022 ቆጠራ 1.9 ሚሊዮን አይሞላም። ይህን ያህል ሰው የሆነ ቦታ ማደሩ አይቀርም። ጥያቄው የማንን ውሃ ጠጥቶ ነው የሚለው ነው። (ከዚህ ቤት በየዓመቱ ለሽርሽር የምትሄዱትና የመዋኛ ገንዳ ፎቶ የምትለጥፉልን፣ አልተቆጣሁም፤ ሻወር ላይ ግን አታንቀላፉ።)

ስለ አለባበሱና ስለ መጠጡ የጠየቅሽውን አልፌዋለሁ። ለአማትሽ ትልቅ ጉዳይ እንደሆነ አውቃለሁ፣ መንደሩ ሙስሊም ነው፣ መስጊዱም ከባሕሩ ቅርብ ነው። እሱን ግን ሽማግሌዎቹ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል፣ ከኔ ምክር አይፈልጉም።

ስብሰባው ሐሙስ ነው ብለሻል፤ አራት ቀን አለ። እስከዚያ አንድ ሥራ ስጪያቸው። ከአማትሽ ጉድጓድና ከሌሎች ሁለት ሦስት ጉድጓዶች ውሃ በታጠበ ሃይላንድ ሞልተው፣ ቀኑንና የማን ጉድጓድ እንደሆነ ጽፈው፣ ከተማ ላቦራቶሪ ወስደው የጨው መጠኑን ያስመርምሩ። ወረቀቱን ሼሃውም መስጊዱም ይያዙት። ከዚያ በየወሩ ራሳቸው መለካት ይችላሉ፤ እስክሪብቶ የምታህል፣ ጫፏን ውሃ ውስጥ ሲነክሯት ቁጥር የምታሳይ መለኪያ አለች። የኔዋ እዚህ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጣለች፣ ባትሪዋን ትናንት ቀየርኩላት። በዚህ ሳምንት ወደ ዳሬሰላም የሚበር ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እሰጠዋለሁ።