ሆዴን ጠርጎ የሚያወጣ ስጠኝ ያለችኝ እናት

ባለፈው ሳምንት ለልምምድ የመጣች የፋርማሲ ተማሪ "ጋሼ፣ ካታርቲክ የምንለው የሆድ መጥረጊያ መድሃኒትና ካታርሲስ የሚሉት ነገር ይገናኛሉ እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። አዎ፣ ሥሩ ግሪክኛ ነው፣ ካታሮስ ማለት ንጹህ፣ የጥንት ሐኪሞቻቸው ሆድ ማስጠረጉን ካታርሲስ ይሉት ነበር፣ በኋላ ፈላስፋው አርስቶትል ትራጄዲ፣ ማለትም አሳዛኝ ተውኔት፣ ያየ ሰው በፍርሃትና በሀዘኔታ የሚያገኘውን መንጻት በዚሁ ቃል ጠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1895 ደሞ ሐኪሞቹ ብሮየርና ፍሮይድ የታፈነ ስሜት በንግግር ሲወጣ ለማለት ወሰዱት አልኳት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ደርግ የወደቀ ሰሞን ነው፣ 1983። ጅማ ዙሪያ አንድ ጤና ጣቢያ መድሃኒት አድል ነበር። አንዲት እናት በገበያ ቀን መጥታ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ "ገራኮ፣ ገራኮ" አለችኝ፣ በኦሮምኛ ሆዴን፣ ሆዴን ማለቷ ነው፣ ሆዴን ጠርጎ የሚያወጣ ስጠኝ። የጉሎ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ሰጠኋት። በሳምንቱ ጠርሙሱን አጥባ፣ ክዳኑን በሻሿ ጫፍ ቋጥራ መለሰችልኝ። "አልወጣም" አለች። መጠኑን ጨመርኩላትና "ቀጣይ!" አልኩ። ወረፋው ረጅም ነበር እንዳልል ከኋላዋ የነበሩት ሶስት ሰዎች ናቸው።

ከዛ ወዲያ አልመጣችም። ልጇ ውትድርና ሄዶ እኩዮቹ በእግራቸው ሲመለሱ እሱ እንደቀረ የነገረችኝ የጽዳት ሰራተኛችን ናት። መርዶ የሚያረዳ ስላልመጣ ለቅሶ አልተቀመጠችም፣ መርዶ ሳይመጣ ማልቀስ በልጅ ላይ ማሟረት ነው። በአማርኛ ሆድ ይፍጀው፣ ሆዴ ባባ እንላለን፣ በኦሮምኛም ገራ ሆድም ልብም ነው፣ ሁለቱንም እየተናገርኩ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ታዲያ እንዴት አልሰማሁም?

እናቴ ኮሶ ስታጠጣን እኮ እስኪሽር አጠገባችን ነበር የምትውለው፣ ግንባራችንን እየዳበሰች።

እናንተ ወጣቶች ሀዘናችሁን ቲክቶክ ላይ ስትለቁት አይመቸኝም፣ ለቅሶ ጎረቤት አለው ባይ ነኝ፣ ግን ደሞ ቢያንስ ታወጡታላችሁ፣ እኛ ውጠነው ነው ያረጀነው። ነጻ የምንለው ቃል ከግእዙ ነጽሐ፣ ንጹህ ሆነ ከሚለው ነው። ንስሐ ይመስለዋል እንጂ ሌላ ነው፣ ነስሐ ማለት ተጸጸተ ነው። እኔ ጋ የቀረው ይሄኛው ነው።

ለልጅቷ ዛሬ ጠዋት አንድ ነገር ነገርኳት፣ ለአንድ መድሃኒት ሁለቴ የተመለሰ ሰው ካየሽ ወንበር ስጪው፣ ስሙን ጠይቂው። እኔ የዛችን እናት ስም አላውቀውም። አጥባ ያመጣችልኝን ጠርሙስም ለሌላ ታካሚ ሞላሁበት።