መጨረሻው ከታወቀ ፍቅሩ ለምን ያስለቅሳል?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። በደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ የምንኖር ጓደኛሞች ቅዳሜ ማታ ተሰብስበን «ስታር ትሬክ» ከተባለው የቆየ ተከታታይ ፊልም «በዘላለም ጠርዝ ላይ ያለችው ከተማ» የተሰኘውን ክፍል አየን። ከኮምቦልቻ የመጣው ጓደኛችን እኩሌታው ላይ «ሴትዮዋ ትሞታለች፤ በቃ!» ብሎ ታክሲ እንዳያመልጠው ተነሥቶ ሄደ። እኛ እስከ መጨረሻው አይተን አለቀስን። እሱ ግን ፍቅሩ ለማስለቀስ የተለጠፈ ነው ይላል። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂዎቻችን፣ ጓደኛችሁ የገመተው ደራሲው ሆን ብሎ የነገረውን ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 1967 በተላለፈው በዚህ ክፍል፣ የወደፊት ዘመን የጠፈር መርከብ አዛዥ የሆነው ካፒቴን ኪርክና ረዳቱ ስፖክ በመድኃኒት ስህተት አእምሮው የተናወጠውን ሐኪም ማኮይን ፍለጋ ጊዜን ወደ ኋላ ተጉዘው እ.ኤ.አ. በ1930 ወደነበረችው ኒው ዮርክ ይሻገራሉ፤ ኪርክም በዚያ ችግረኞችን የምታበላውን ኢዲት ኪለርን ይወድዳል። ስፖክ እንደሚደርስበት፣ ኢዲት በመኪና አደጋ ካልሞተች የምትመራው የሰላም ንቅናቄ አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዳትገባ ስለሚያዘገያት ጀርመን አቶሚክ ቦምብን ቀድማ ሠርታ ታሸንፋለች። እንግዲህ መሞት እንዳለባት ኪርክም ተመልካቹም ቀድመው ያውቃሉ። አምባሰልና ባቲ የቅኝት ስም በሆኑበት አገር ላደገ ሰው ደግሞ፣ ዜማው የት እንደሚያርፍ እያወቁ መስማት እንግዳ ነገር አይደለም።

ፍቅሩን ብታወጡት የሚቀረው «አንዲት ሴት ወይስ ሚሊዮኖች?» የሚል የሂሳብ ጥያቄ ብቻ ነው፤ መልሱም ማንንም አያስጨንቅም። ደረጃው ላይ የሆነውን አስታውሱ፦ እግሯ ሲያዳልጣት ኪርክ ሳያስብ አፈፍ አድርጎ ይይዛታል፤ ስፖክም ያ መውደቅ የመሞቻዋ ሰዓት ሊሆን ይችል እንደነበር ይነግረዋል። መጨረሻ ላይ መኪናው ሲመጣባት ግን፣ ያው እጅ ሊያድናት የሚሮጠውን ማኮይን ጨምድዶ ያስቀረዋል። ጓደኛችሁ ሞቱን ገምቷል፤ እጁን ግን አልገመተም፤ እንዴትስ ይገምት፣ ታክሲ ተራ ነበር።

በእርግጥ ፍቅሩ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ መብሰሉ እኔንም ይከነክነኛል፤ ጓደኛችሁ በዚህ ቢከራከር ኖሮ ያዋጣው ነበር። ለማንኛውም የሚቀጥለው ቅዳሜ የቀረውን አሳዩት፤ ብቻ ሳይመሽ ጀምሩ።