ፓምፑ ጠፍቶ ሳለ ግቢው ለምን ራሰ?

ጥያቄ፦ በጎንደር ከተማ የምሠራ ወጣት የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ። ፒያሳ አካባቢ ላለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ የውሃ ፓምፕ የሚቆጣጠር ፕሮግራም ሠራሁ። ባለቤቱ «ሮቶው ሞልቶ ግቢው እንዳይረጥብ» ቢሉኝ፣ እኔ «ተንሳፋፊው ሲነሳ ፓምፑ ይጥፋ» ብዬ ጻፍኩ፤ ተንሳፋፊው ሮቶው ውስጥ ከውሃው ጋር ከፍ የሚል መጠቆሚያ ነው። አንድ ማለዳ ግን ፓምፑ እንደታዘዘው ጠፍቶ፣ ውሃው ከሮቶው አፍ ሲፈስ ተገኘ። ዝርዝር መግለጫን፣ ማለትም ፕሮግራሙ ምን ሲያይ ምን እንዲያደርግ የሚናገረውን ጽሑፍ፣ ከደንበኛ ፍላጎት በሥርዓት ማውጣት ይቻላል ይባላል፤ እንዴት?

መልስ፦ ይቻላል። የሶፍትዌር ተመራማሪዎቹ ፓሜላ ዜቭና ማይክል ጃክሰን በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳስቀመጡት፣ ስለ አካባቢው የምናውቀው ነገርና ዝርዝር መግለጫው አንድ ላይ ሲወሰዱ የፍላጎቱ መሟላት የግድ መከተል አለበት። የባለቤቱ ፍላጎት የሚናገረው ስለ ግቢው ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ግቢውን አያይም፤ የሚያየው ተንሳፋፊውን፣ የሚያዘው ፓምፑን ብቻ ነው። ስለዚህ ፍላጎቱን ከግቢው ወደ ኮምፒውተሩ ደረጃ በደረጃ እናሻግራለን፤ በየእርምጃውም የተደገፍንበትን ግምት እንጽፋለን።

«ግቢው አይረጥብ» የሚለው «ውሃው ከሮቶው አፍ አይለፍ» ወደሚለው የሚሻገረው ሮቶውና ቧንቧው እንደማያፈሱ ከተቀበልን ነው። ይህም በተራው «ውሃው ከሮቶው አፍ በታች ያለው ምልክት ላይ ሲደርስ መግባቱ ይቁም» ይሆናል። ከዚህ ወደ እርስዎ ዓረፍተ ነገር ለመድረስ ግን ሁለት ግምቶች ያስፈልጋሉ፦ ውሃው ምልክቱ ላይ በደረሰ ቁጥር ተንሳፋፊው ይነሳል፤ ፓምፑ ከጠፋ ደግሞ ውሃ አይገባም። ጉድ የሠራዎት ይህ ሁለተኛው ይመስለኛል። ፓምፑ በቀጥታ ከከተማው መስመር ጋር ከተያያዘ፣ ሌሊት ፈረቃው ደርሶ ግፊቱ ሲበረታ ውሃው በቆመው ፓምፕ ውስጥ አልፎ ሮቶው ድረስ ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ኮዱን ቢያገላብጡት ዋጋ የለውም፤ ኮምፒውተሩ የሚዘጋው ቫልቭ መስመሩ ላይ ካልገባ በስተቀር፣ ፍላጎቱን የሚያሟላ ዝርዝር መግለጫ ከናካቴው አይኖርም።

በ1993 እ.ኤ.አ. ዋርሶ ላይ አንድ ኤርባስ ኤ320 ዝናብ ባራሰው ማኮብኮቢያ ሲያርፍ የሆነውም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ጎማዎቹ በውሃው ላይ በመንሸራተታቸውና ክብደቱ በሁለቱም እግሮች ላይ ቶሎ ባለማረፉ፣ ኮምፒውተሩ አውሮፕላኑ መሬት መንካቱን ዘግይቶ ተቀበለ፤ ማቆሚያ መሣሪያዎቹም ዘገዩ፤ 2 ሰዎች ሞቱ።

ግምቶቹን ጽፈው ሲጨርሱ ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን መስመሩን ለዘረጋው የቧንቧ ሠራተኛም ያንብቡለት፤ ፓምፑ ሲጠፋ ውሃው የሚያደርገውን የሚያውቀው እሱ ነው።