በባቡር ሄዶ መኪና ይዞ መመለስ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በጀርመን ለሚኖሩ አንባቢዎቻችን በዋጋም በይዘትም የሚስማማ ያገለገለ መኪና ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከሚኖሩበት ከተማ ርቆ ነው። ስለዚህ ጉዞው በባቡር ይጀመርና በመኪና ያልቃል። በዚህ ላይ ከደረሱን ጥያቄዎች ለብዙዎች የሚጠቅሙትን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ካስል ነው። ባውትሰን ካለ አንድ ግለሰብ የ2014 ሞዴል ጎልፍ ለመግዛት በስልክ ተነጋግረናል። መኪናውን ከምዝገባ አውጥቶታል፤ ታርጋ የለውም። ቅዳሜ በባቡር ሄጄ ላመጣው አስቤያለሁ። ታርጋ ከየት ላግኝ? የትኛውን ትኬትስ ልቁረጥ?

መልስ፦ ለእንዲህ ያለው ጉዞ የሚሰጠው ኩርትስጻይትኬንሳይኸን የሚባለው የአምስት ቀን ታርጋ ነው። በቀኝ ጠርዙ ባለው ቢጫ መደብ ላይ የሚያበቃበት ቀን ታትሞበታል። የሚወጣው እርስዎ በሚኖሩበት ወይም መኪናው በቆመበት አካባቢ ካለው የተሽከርካሪ ምዝገባ ቢሮ ነው። ቢሮዎቹ ቅዳሜ በአብዛኛው ዝግ ስለሆኑ ከካስል አውጥተው፣ ታርጋውን በቦርሳ ይዘው ባቡር ቢሳፈሩ ይሻላል። አምስቱ ቀን ታርጋው ከተሰጠበት ዕለት ጀምሮ ስለሚቆጠር ሐሙስ ከወሰዱት ሰኞ ያበቃል። ካበቃ በኋላ መንዳት ብቻ ሳይሆን በሕዝብ መንገድ ላይ ማቆምም ክልክል ነው።

ወደ ቢሮው ሲሄዱ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ከመኖሪያ ምዝገባ ወረቀት ጋር፣ የመኪናውን ሻይን (የምዝገባ ወረቀት)፣ የቲዩፉ (በየጊዜው የሚደረገው የቴክኒክ ምርመራ) ጊዜ እንዳላለፈ የሚያሳየውን ሪፖርትና ከኢንሹራንስ የሚሰጥዎትን ሰባት ሆሄና አኃዝ ያለው የኢ-ፋው-ቤ ቁጥር ይያዙ። ቁጥሩን ሲጠይቁ ለአምስት ቀን ታርጋ መሆኑን በግልጽ ይናገሩ፤ ለመደበኛ ምዝገባ የተሰጠ ቁጥር ቢሮው ላይ ውድቅ ሊሆን ይችላል። ሻጩ የሻይኑን ቅጂ በኢሜይል ይላክልዎ፤ ቅጂውን ይቀበሉ እንደሆነ ግን አሠራሩ ከቢሮ ቢሮ ስለሚለያይ አስቀድመው ደውለው ያረጋግጡ። የኢንሹራንሱን ክፍያ፣ ቆይቶ የመኪናውን ኢንሹራንስ ከዚያው ድርጅት ከገቡ፣ ብዙ ድርጅቶች ከዓመቱ ዋጋ ላይ ይቀንሱታል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ቲዩፍ ላይ ነው። የቲዩፉ ጊዜ ካለፈ፣ በአምስት ቀን ታርጋ መንዳት የሚፈቀደው ታርጋውን በሰጠው ቢሮ ክልል ወይም በአጎራባቹ ክልል ወዳለ መመርመሪያ ጣቢያ ሄዶ ለመመለስ ብቻ ነው። ከባውትሰን ካስል ድረስ መንዳት አይታሰብም። መፍትሔው ሻጩ ከመሸጡ በፊት እንዲያስመረምር መጠየቅ ነው። “ቀላል ነው፣ ያልፋል” እያለ እሱ ራሱ ካልወሰደው፣ የማያልፍበት ምክንያት ሊኖር ይችላል።

እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ታርጋው ለአንድ የተወሰነ መኪና ብቻ ስለሚሰጥ፣ ደርሰው መኪናውን ካልወደዱት የከፈሉት ይቀራል። ይህን ኪሳራ ከወዲሁ ይቀበሉት። የቢሮው፣ የታርጋው ማሠሪያና የኢንሹራንሱ ወጪ ተደምሮ፣ በኋላ ካምቢዮ ለማስጠገን ከሚያወጡት አይወዳደርም።

ትኬትን በተመለከተ፣ ከካስል እስከ ድሬስደን በፈጣን ባቡር ሄደው ከዚያ በክልል ባቡር ወደ ባውትሰን ይቀጥላሉ። ርካሹ ሱፐር ሽፓርፕራይስ ለአንድ ባቡር ብቻ የሚያገለግልና የማይሰረዝ ስለሆነ ሻጩ ቀኑን ቢቀይር ገንዘቡ ይጠፋል። ቀኑ ተቆርጦ ታርጋው እጅዎ ከገባ በኋላ ግን መግዛቱ አይከፋም፤ መድረሻዎ ላይ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ እንደሚዘገዩ ከታወቀ ሌላ ባቡር መያዝ ይፈቀድልዎታል። 60 ደቂቃ ከዘገዩ ከዋጋው 25 በመቶ፣ 120 ደቂቃ ከዘገዩ 50 በመቶ ይመለስልዎታል። ዶይችላንድቲኬት ካለዎት በክልል ባቡር ብቻ መሄድ ይችላሉ፤ ጊዜው ግን በጣም ይረዝማል፤ ከሰዓት በኋላ ደርሶ ሲጨልም መኪና መመርመርን አንመክርም።

ከሁሉ በላይ ከባውትሰን ወደ ካስል የሚመልሰው የመጨረሻ ግንኙነት ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጽፈው ይያዙ። መመለሻ የሌለው ገዢ ያየውን ጉድለት ሁሉ እያቃለለ ይፈርማል፤ ልምድ ያለው ሻጭም ይህን ያውቃል። “በባቡር ነው የመጣሁት፣ ካልገዛሁ የምመለስበት የለኝም” የሚለውን ከአፍዎ አያውጡ።

ጥያቄ፦ እኔ የምገዛው መኪና ታርጋው አልወረደም። ሻጩ “በእኔ ታርጋ ነድተሽ ሂጂ፣ እዚያ በስምሽ ታዞሪዋለሽ” አለኝ። ይፈቀዳል? (ከኑረምበርግ)

መልስ፦ ይፈቀዳል። እንዲያውም ከሁሉ የቀለለው መንገድ ይህ ነው። መኪናው ሲሸጥ ኢንሹራንሱ በሕግ ወደ ገዢው ይተላለፋል፤ እርስዎም በአንድ ወር ውስጥ ሊያቋርጡት ይችላሉ። ነገር ግን ውሉ የአሽከርካሪውን ዕድሜ ወይም ማንነት የሚገድብ እንደሆነ ሻጩን ይጠይቁት፤ ከተገደበው ውጭ ያለ ሰው ነድቶ ቢያጋጭ ኢንሹራንሱ ተጨማሪ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል።

በሽያጭ ውሉ ላይ ቀኑን ብቻ ሳይሆን መኪናውን የተረከቡበትን ሰዓትና ደቂቃ ያስጽፉ። የዚያን ዕለት ጠዋት ሻጩ በፍጥነት ተነሥቶ ከነበረ ቅጣቱ የእሱ፣ ማታ እርስዎ ከተነሡ የእርስዎ መሆኑን የሚለየው ይህ ነው። በስንት ቀን ውስጥ በስምዎ እንደሚያዞሩትም ይጻፍ። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2019 ወዲህ በሌላ ክልል ቢመዘገብም የነበረውን ታርጋ ይዞ መቀጠል ስለሚቻል አዲስ ታርጋ ማሠራት ግዴታ አይደለም።

ጥያቄ፦ መካኒክ ይዤ መሄድ አልችልም። ብቻዬን ደርሼ ምን ምን ልይ? ምን ዕቃስ ልያዝ? (ከማንሃይም)

መልስ፦ ከመነሣትዎ በፊት በማለዳ ለሻጩ ይደውሉና ሞተሩን እንዳያስነሣው ይጠይቁት። ሲደርሱ መጀመሪያ ኮፈኑን በእጅዎ ይዳስሱ። ሞቆ ከቆየዎት ሊደበቅ የተፈለገ ነገር እንዳለ ይጠርጥሩ፤ የባትሪ ድካም፣ ሲነሣ የሚሰማ የሰንሰለት መንኳኳትና ሰማያዊ ጭስ የሚጋለጡት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሣ ነው።

ከማስነሣትዎ በፊት ወረቀቱን ይጨርሱ። ብሪፉም (እንደ ሊብሬ ያለው ሰነድ) ሻይኑም ዋናቸው መኖር አለባቸው። 17 ሆሄና አኃዝ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ከወረቀቱ፣ ከፊት መስታወቱ ሥርና ሻንሲው ላይ ከተመታው ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ። የሻጩ መታወቂያ ብሪፉ ላይ ካለው ስም ጋር ካልገጠመ የጽሑፍ ውክልና ይጠይቁ። መኪና የመነገድ ሥራ ያለው ሰው “የምሸጠው ለጓደኛዬ ነው” ብሎ በግለሰብ ስም ውል ካቀረበልዎ ይጠንቀቁ። ከነጋዴ ሲገዙ ያለዎትን የጉድለት ዋስትና በዚህ መንገድ ሊያሳጣዎ ነው። ግለሰብ ሻጭ ዋስትናውን በውል ማስቀረት ይችላል፤ ስለዚህ ከእሱ ሲገዙ “አደጋ ያልደረሰበት” መሆኑንና የኪሎ ሜትሩን ልክ በጽሑፍ ያስገቡ።

ቀጥሎ የሞተር ዘይት ክዳኑን ይክፈቱ። ውስጡ ላይ ቡናማና ነጭ የሆነ ወፍራም አረፋ ካለ ውኃ ከዘይት ጋር እየተደባለቀ ሊሆን ይችላል። በክረምት አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሄደ መኪናም ጥቂት ያሳያል፤ የራዲያተሩ ውኃ ላይም ዘይት ከተንሳፈፈ ግን የቴስታታ ጉዳት ሊሆን ይችላል፣ ይተዉት። በቺንጋ ለሚሠራ ሞተር የታይሚንግ ቺንጋው የተቀየረበትን ደረሰኝ ይጠይቁ። “ተቀይሯል” የሚል ቃል ያለ ደረሰኝ እንዳልተቀየረ ነው የሚቆጠረው፤ ማስቀየሪያውን ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ። ጎማው ጎን ላይ ያሉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው። በሕግ የሚፈቀደው ትንሹ ጥልቀት 1.6 ሚሊሜትር ነው። የጎማው አንድ ጎን ብቻ ከተበላ የእግር አሰላለፉ ወይም ሱስፔንሽኑ ችግር አለበት።

ሲሞክሩት ፍሪሲዮኑን ይፈትኑ። በከፍተኛ ማርሽ ሆነው ነዳጅ ሲሰጡ የሞተሩ ዙር ጨምሮ ፍጥነቱ ካልጨመረ እየተንሸራተተ ነው። ባዶ መንገድ ላይ መሪውን ላላ አድርገው ይዘው ፍሬን ይያዙ፤ ወደ አንድ ጎን ከሳበ ልብ ይበሉ። በሚኒሞ ጥቂት ደቂቃ ይቁምና ከሥሩ የሚንጠባጠብ እንዳለ ይመልከቱ። ከስልክ ጋር የሚገናኝ ርካሽ የኦ-ቤ-ዴ (የመኪናውን የስሕተት ኮዶች የሚያሳይ) ማንበቢያ ይያዙ፤ የስሕተት ኮዶቹ በዚያው ጠዋት ተሰርዘው ከሆነ ብዙዎቹ መተግበሪያዎች የውስጥ ፍተሻዎቹ “አልተጠናቀቁም” ብለው ያሳያሉ። ይህ ብቻውን ብዙ ይናገራል።

በቦርሳዎ ካቻቪቴ፣ ጥቂት የታርጋ ብሎንና የፕላስቲክ ማሰሪያ ይኑር። የአምስት ቀኑ ታርጋ ከፊትም ከኋላም በደንብ መታሰር አለበት፤ ዳሽቦርድ ላይ አስቀምጦ መንዳት ያስቀጣል። ታርጋ አሠሪው ጋ ሳሉ የታርጋ ማቀፊያ ቢገዙ፣ ሻጩ የራሱን ነቅሎት ቢቆይዎ አይቸገሩም። የእጅ ባትሪ፣ የጎማ አየር መለኪያና አንድ ሊትር ለመኪናው የሚስማማ ዘይት ይጨምሩ። የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን፣ አንጸባራቂ ሰደርያና የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን በሕግ መኪናው ውስጥ መኖር ስላለባቸው ሻጩ ጋ መኖራቸውን ይጠይቁ። ለወራት ቆሞ ለነበረ መኪና በቦርሳ የሚያዝ የባትሪ ማስነሻ በጣም ይጠቅማል።

እንደተረከቡ በአቅራቢያው ወዳለ ማደያ ይሂዱ። ብዙ ሻጭ መብራቱ እስኪበራ ድረስ ያስጨርሰዋል። ቤንዚን ይሁን ናፍጣ በነዳጅ መክደኛው ላይ ያንብቡ፤ በማያውቁት መኪና የሚሳሳቱት ጥንቃቄ ያላቸው ሰዎችም ናቸው። አየሩንም እዚያው ይሙሉ። ከቆመ የሰነበተ መኪና የፍሬን ዲስኩ ስለሚዝግ አውቶባን ከመግባትዎ በፊት ፍጥነት በሌለበት መንገድ ላይ ደጋግመው ለስለስ አድርገው ይያዙ። 20 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዱ ቁሙና እጅዎን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ያስጠጉ። አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ በጣም ከጋለ ፍሬኑ አልለቀቀም፤ እንዲሁ ከቀጠሉ ሊቃጠል ይችላል። ኮፈኑን ከፍተው ያሽትቱ፣ ሥሩንም ይዩ። ከዚያ በኋላ በ110 አካባቢ ረጋ ብለው ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ሻጩ “መኪናውን እንዳልሸጠው ባቡር ከመሳፈርህ በፊት 500 ዩሮ ላክ” ይላል። ምን ላድርግ? ጥሬ ገንዘብ ይዤ መጓዝስ? (ከሃኖቨር)

መልስ፦ ለማያውቁት ግለሰብ መኪናውን ሳያዩ ምንም አይላኩ። ከታወቀ ነጋዴ ከሆነ በጽሑፍ የተፈረመ ማስያዣ፣ መኪናው እንደተባለው ካልሆነ ገንዘቡ እንደሚመለስ የሚገልጽ ሆኖ ሊቀበሉ ይችላሉ። እውነተኛ ሻጭ ግን የባቡር ትኬትዎን ፎቶ ብቻ ቢልኩለት ብዙ ጊዜ ይጠብቅዎታል።

ብዙ ሺህ ዩሮ በኪስ ይዞ ባቡር ላይ መቀመጥ አስፈላጊ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2025 ጀምሮ የዩሮ አገሮች ባንኮች ገንዘብ በአሥር ሰከንድ ውስጥ የሚያደርስ ዝውውር የመስጠት ግዴታ አለባቸው፤ እሑድም ሌሊትም ይሠራል፣ የተቀባዩ ስም ከሒሳብ ቁጥሩ ጋር መግጠሙንም ያሳያል። የሚረሳው የዕለት ጣሪያው ነው። ከመሄድዎ በፊት በባንኩ መተግበሪያ ከፍ ያድርጉት፤ በአንዳንድ ባንክ ለውጡ ወዲያው አይሠራም። ገንዘቡን የሚለቁት ብሪፉ፣ ሻይኑ፣ ሁለቱም ቁልፎችና የተፈረመው ውል ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጡ ነው።

ጥያቄ፦ ጀርመን ከገባሁ ስምንት ወር ሆነኝ። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ አለኝ። መኪናውን ራሴ ነድቼ ላምጣ? (ከዶርትሙንድ)

መልስ፦ አይንዱ። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ጀርመን ውስጥ የሚያገለግለው ነዋሪ ከሆኑ በኋላ ለስድስት ወር ነው፤ በዚያ ጊዜም ከትርጉም ጋር። ከዚያ በኋላ መንዳት ያለ መንጃ ፈቃድ እንደመንዳት ተቆጥሮ በወንጀል ያስጠይቃል፤ ለመኖሪያ ፈቃድዎም መዘዝ ሊኖረው ይችላል። ፈቃዱን ለመቀየር የጽሑፍና የተግባር ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል፤ ለአዲስ ተማሪ የተወሰነው የትምህርት ሰዓት ግን ግዴታ አይሆንብዎትም። መኪናውን መግዛትና በስምዎ ማስመዝገብ ይችላሉ፣ መንጃ ፈቃድ አይጠየቅበትም። መንጃ ፈቃድ ያለው ወዳጅ ይዘው ይሂዱ፤ የሁለት ሰው የባቡር ትኬት ይቆረጣል።

ጥያቄ፦ አዲስ ፎልክስቫገን አዝዘን ከቮልፍስቡርግ እንድንረከብ ቀን ተሰጥቶናል። ከበርሊን በባቡር ብንሄድ ይመቻል? (ከበርሊን)

መልስ፦ በጣም ይመቻል። በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ መረከቢያው አውቶሽታት ከዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ከሚተልላንድ ቦይ ማዶ ነው፣ በእግር ድልድዩን ተሻግረው ይደርሳሉ። 48 ሜትር ከፍታ ባላቸው ሁለቱ የመስታወት ማማዎች እያንዳንዳቸው 400 መኪና ይይዛሉ፤ መኪኖቹ የሚወርዱት በአሳንሰር ነው። ቀጠሮ ስላላችሁ ከሚያስፈልገው ቢያንስ አንድ ባቡር ቀድማችሁ ተሳፈሩ፤ ትኬት ስትገዙም በመስመሩ ላይ የእድሳት መዘጋት እንዳለ በዚያው ቀን ሰሌዳ ላይ እዩ። ምዝገባው በርሊን አስቀድሞ አልቆ ታርጋዎቹን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ማኅተሙ እንዳይፋቅ በጨርቅ ጠቅልሏቸው። ልጅ ካለ የልጅ መቀመጫውንም በባቡር መውሰድ ግድ ነው፤ ቁመቱ 150 ሴንቲሜትር ያልሞላ ከ12 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ መቀመጫ በመኪና አይመለስም። በመጀመሪያዎቹ 1000 ኪሎ ሜትሮች ሞተሩን ሙሉ ኃይል አትጠይቁት፤ ፍጥነቱንም እየለዋወጣችሁ ንዱ።