ከድሬ ሆኖ ሻርክ ማጥናት ይቻላል?

«የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ሳቢያን ነው። ስለ ታላቁ ነጭ ሻርክ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ባዮሎጂ መማር እፈልጋለሁ። አባቴ ግን ‹አቦ፣ ባሕር በሌለው አገር የባሕር አውሬ ተምረሽ ማን ይቀጥርሻል?› ይላል። ውጭ ያለው አጎቴ ደግሞ አካውንቲንግ ከመረጥኩ የግል ኮሌጅ ሊከፍልልኝ ቃል ገብቷል። ዋና አልችልም፤ እንግሊዝኛዬም ደካማ ነው። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ይህ «ባሕር የለንም» የሚባል ነገር ስንቱን ጎበዝ ልጅ እንዳስቀረ አይቻለሁ። ስለዚህ ብዙውን መልሴን የምሰጠው ለእሱ ነው።

በመጀመሪያ ባሕሩ ሩቅ አይደለም። ከድሬ ጅቡቲ በባቡር 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከዚያ ይርቅሻል። ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ዌል ሻርክ ይመጣል። ፕላንክተን የሚባሉትን ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋን አጣርቶ የሚበላ ገራም ዓሣ ነው እንጂ ያንቺው ነጭ ሻርክ አይደለም። ሻርክነቱ ግን ሻርክ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ የሻርክ ጥናት ብዙው ሥራ የሚሠራው የብስ ላይ መሆኑ ነው። እኔ በባዮሎጂ ተመርቄ የያዝኩት የመጀመሪያ ሥራ የቆሮሶ ዕድሜ መቁጠር ነበር። ከዓሣው ጭንቅላት ውስጥ ትንሽዬ የጆሮ ጠጠር ይወጣል፤ በስሱ ይቆረጥና ቀለበቱ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል። ሻርክ እንዲህ ያለ ጠጠር የለውም፤ አጽሙም እንደ ጆሯችን የሚተጣጠፍ ካርቲሌጅ ነው። ስለዚህ የሚቆጠረው አከርካሪው ላይ ያለው ቀለበት ነው። ችግሩ ሻርኩ ሲያረጅ ቀለበቶቹ እየሳሱ ይሄዳሉ፣ ቆጠራው ይሳሳታል።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 የወጣ ጥናት ለዚህ መላ አገኘ። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የተሞከሩት የኑክሌር ቦምቦች አየር ላይ የፈጠሩት ራዲዮአክቲቭ ካርቦን ወደ ባሕር ገብቶ ነጭ ሻርኮች አከርካሪ ውስጥ ቀርቷል። ተመራማሪዎቹ ቀድሞ ተሰብስበው የተቀመጡ አከርካሪዎችን አውጥተው ካርቦኑን እንደ ቀን ማኅተም አነበቡት። ከሰሜን ምዕራብ አትላንቲክ ከመጡት ውስጥ ትልቁ ወንድ 73 ዓመት፣ ትልቋ ሴት 40 ዓመት ሆነው ተገኙ። ቀድሞ ከሚገመተው በጣም ይበልጣል። ቀጥሎ የመጣው ጥናት ደግሞ ሴቷ ለመውለድ የምትደርሰው በ33 ዓመቷ ገደማ ነው አለ። አንዲት ሴት ሻርክ መረብ ላይ ብትሞት እሷን ለመተካት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አስቢው። ይህ ሁሉ የታወቀው ላቦራቶሪ ውስጥ በተቀመጡ ሰዎች ነው።

ኒኮል የተባለችውን ነጭ ሻርክም ታውቂያት ይሆናል። በ2003 ደቡብ አፍሪካ ላይ የሳተላይት መሣሪያ ተገጠመላት። አውስትራሊያ ደርሳ ተመለሰች፤ ዘጠኝ ወር ባልሞላ ጊዜ ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ዋኘች። መመለሷ የታወቀው የክንፏን ጫፍ ከድሮ ፎቶዎቿ ጋር በማስተያየት ነው። ይህም የጠረጴዛ ሥራ ነው።

ባህሪ ማጥናት ካማረሽ ደግሞ ሐረር አለልሽ። በጅብም እንደ ነጭ ሻርክ ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች። ነጭ ሻርኮች የዓሣ ነባሪ ሬሳ ላይ ሲገናኙ ትንሹ ለትልቁ ቦታ ይለቃል። ጅቦቹስ ሲበሉ ማን ለማን ይለቃል? ማንስ ቀድሞ ይመጣል? ከዘመድ ጋር ሂጂና ማታ ቁጭ ብለሽ ጻፊው። ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃሻል። እንዲህ ያለ ደብተር ይዞ የመጣ አመልካች ብዙ አይደለም፤ እኔ ብሆን አስቀድመዋለሁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እኔ ጋ ሥራ ፍለጋ ከሚመጡት ብዙዎቹ አካውንቲንግ የተማሩ ናቸው። አጎትሽ የሚከፍሉልሽ ሥራ የሚያስገኝ ስለመሰላቸው ነው፤ ያ ዋስትና ግን እጃቸው ላይ የለም። ብሩ የእሳቸው ነው፣ ዓመታቱ ግን ያንቺ ናቸው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በወጪ መጋራት ተማሪ፤ ሐረማያም እዚሁ አጠገብሽ ነው።

አባትሽ አንድ ነገር ላይ ልክ ናቸው። በመጀመሪያ ዲግሪ «ሻርክ አጥኚ» ብሎ የሚቀጥርሽ የለም። መጀመሪያ የምታገኚው መምህርነት ወይም የላቦራቶሪ ሥራ ነው፤ ደመወዙም ቀጭን ነው። ለጥቂት ዓመታት ቤት ውስጥ ብዙ ማገዝ አትችዪም። ይህን ከአሁኑ ንገሪያቸው። ወደ ዓሣው በደንብ የምትጠጊው በሁለተኛ ዲግሪ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዓሣ ሀብት ትምህርት አለ። ደቡብ አፍሪካ ያለው ሮድስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ራሱን የቻለ የዓሣ ሳይንስ ክፍል አለው። ደቡብ አፍሪካ ነጭ ሻርክን በ1991 በሕግ የጠበቀች አገር ናት። እዚያ የሚያደርስሽ ስታቲስቲክስ ነው፤ ሒሳብሽን አትልቀቂ።

ዋና ይለመዳል። ለእንግሊዝኛሽ በየቀኑ ስለ ሻርክ አንድ ገጽ አንብቢ።

ይህን መልስ ለአባትሽ አንብቢላቸው። ካልተዋጠላቸው የዩኒቨርሲቲ ምርጫሽን ከመሙላትሽ በፊት ቢሮ ይዘሻቸው ነይ፤ ሦስታችን ቁጭ ብለን እናወራለን።